ባሕር ዳርና ጎንደር፤ በአየር 100፣ በመኪና 180 ኪሎ ሜትር

ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ አዘዞ አጠገብ እስከሚገኘው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመኪናው መንገድ ግን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱን ያመጣው የጣና ሐይቅ ነው። አውሮፕላን ሐይቁን አቋርጦ ሲያልፍ፣ መኪና በምሥራቅ በኩል ዞሮ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራዝና በማክሰኝት በኩል ይጓዛል።

በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለብዙ ዓመታት በአገር ውስጥ የተጠቀመባቸው ዳግላስ ዲሲ 3 አውሮፕላኖች በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የገቡት ኪው 400 አውሮፕላኖች ፍጥነት ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። በስሌት ብቻ ከሆነ 100 ኪሎ ሜትሩ በ10 ደቂቃ ባለቀ ነበር። ይሁን እንጂ አውሮፕላን ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ በአጭር መስመር ላይ ወዲያው ከፍ ብሎ ወዲያው መውረድ ስላለበት በረራው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል።

ለማኅበር መሪዎች ቁም ነገሩ ይህ አይደለም። ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ ተቀባዩ እጅ እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው መቆጠር ያለበት። ተጓዡ ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ ቢደርስ፣ 25 ደቂቃ ቢበር፣ ከዚያም ወርዶ ጎንደር ከተማ ለመግባት 35 ደቂቃ ቢወስድበት ድምሩ 3 ሰዓት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪናም 180 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው በ3 ሰዓት ነው።

የወረታ ገበሬ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። ወረታ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ሽንኩርቱን ለመጫን ወደ ባሕር ዳር ቢመለስ 1 ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በድምሩ 4 ሰዓት ይሆንበታል። በቀጥታ ወደ ጎንደር ቢጭን ግን በ2 ሰዓት ይደርሳል፤ የጭነት ዋጋውም ይቀንስለታል።

አውሮፕላን ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በረጅም መንገድ፣ ክብደቱ ቀላል ሆኖ ቶሎ ለሚበላሽ ዕቃ ነው። ቢሾፍቱ ላይ የሚመረተውን የከብት ክትባት ለምሳሌ እንውሰድ። ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለባቸው፤ ከሞቁ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ የተከተበውም ከብት ከበሽታ አይድንም። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በአየር ግን ከ1 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በመሆኑም ለጎንደር ዙሪያ የታዘዘ ክትባት ባሕር ዳር ወርዶ እንደገና በመኪና ከሚጫን በቀጥታ አዘዞ ቢወርድ ይመረጣል። በረዶ የያዘ ሣጥን ያዘጋጀ ሰውም አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት በቦታው መገኘት ይኖርበታል።

ይህ ስሌት መንገዱ ክፍት ሲሆን የሚሠራ ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም በረራ ሲሰረዝ ሒሳቡ ይለወጣል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ጭነት ከመዋዋላቸው በፊት ዕቃው ስንት ሰዓት ሳይበላሽ እንደሚቆይ፣ ከደጅ እስከ ደጅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ለኪሎ የሚከፈለው ዋጋ ከሽያጩ ምን ያህል እንደሚያስቀር አስልተው ለአባላቱ ቢያስረዱ ከኪሣራ ይድናሉ።