ቀበሌያችሁ ወዴት ነው?

ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ መጥተው ስካይዌይ ልጃቸው ቤት ያረፉ እናት፣ ሰንበት ብለው የሚጠይቁት ነገር አለ፦ «ልጄ፣ ቀበሌያችሁ ወዴት ነው?» ልጅ ሳቅ ይልና «እዚህ ቀበሌ የለም እማዬ» ብሎ ያልፈዋል። እሳቸው ግን የጠየቁት ስለ መታወቂያና ስለ ማኅተም ብቻ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ፣ መብራት ሲበላሽ፣ ጎረቤት ሲያስቸግር ሰው ሄዶ የሚያንኳኳው በር የቱ እንደሆነ ነው የጠየቁት። ጥያቄው ከሳቁ የተሻለ መልስ ይገባዋል።

በፖስታ አድራሻው ስካይዌይ ሲያትል ነው፤ ዚፕ ኮዱ 98178። በሕግ ግን ሲያትልም አይደለም፣ ሬንተንም አይደለም። ከዋሽንግተን ሐይቅ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሳይጠቃለል የቀረ ቁራሽ መሬት ነው። ጎረቤቱን ብሪን ማርን ጨምሮ በ2020 ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ከ17 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቶበታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከንቲባ የለውም፤ የከተማ ምክር ቤትም የለውም። የሲያትል ከንቲባ ሲመረጥ አድራሻው ላይ «ሲያትል» የተጻፈለት የስካይዌይ ሰው ድምፅ አይሰጥም። የቅርብ መንግሥቱ ኪንግ ካውንቲ ነው፤ ያም ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚያስተዳድር፣ ጽሕፈት ቤቱ መሀል ሲያትል ያለ ግዙፍ ተቋም ነው።

ታዲያ አገልግሎቱ ከየት ይመጣል? ከብዙ በር። ውሃውንና ፍሳሹን የያዘው የስካይዌይ የውሃና ፍሳሽ ዲስትሪክት ነው፤ ኮሚሽነሮቹን የሚመርጠው ነዋሪው ነው። እሳት ሲነሳ የሚደርሰው ፋየር ዲስትሪክት 20 ነው፤ እሱም የራሱ ተመራጭ ኮሚሽነሮች አሉት። ልጆቹ የሬንተን ከተማ ነዋሪ ሳይሆኑ የሚማሩት በሬንተን ትምህርት ዲስትሪክት ነው። ፖሊሱ የካውንቲው ሸሪፍ ነው። ሸሪፉን ሕዝቡ ራሱ ይመርጥ ነበር፤ በ2020 የካውንቲው መራጭ ሹመት ይሁን ብሎ ወሰነ። ቤተ መጻሕፍቱ የካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ድርጅት ነው። በሬንተን አቬኑ ሽቅብ ቁልቁል የሚለው 106 ቁጥር አውቶቡስ ደግሞ የካውንቲው የትራንስፖርት ድርጅት፣ የሜትሮ ነው።

እያንዳንዱ በር ለብቻው ሲታይ ይሠራል። ቧንቧው ይፈሳል፣ የእሳት አደጋው መኪና ይመጣል። የሚጎድለው በበሮቹ መካከል ያለው ነው፦ የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚውሉበት አዳራሽ። ለእነዚህ ተብሎ የተቋቋመ ዲስትሪክት የለም። በከተማ ውስጥ የከንቲባው ጣጣ ናቸው፤ እዚህ ግን ካውንቲው ከሰፊ ሥራው መካከል አንዱ አድርጎ የሚያያቸው ናቸው።

ገንዘቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ቁልፉ እዚያ ነውና። በዋሽንግተን ስቴት አንድ ከተማ የሽያጭ ታክስ፣ የቤትና መሬት ታክስ፣ በመብራትና በስልክ ላይ የሚጣል ታክስ ይሰበስባል። ካውንቲ የሚደገፈው ይበልጡን በቤትና መሬት ታክስ ነው። ያ ታክስ ደግሞ አዲስ ግንባታ ሳይቆጠር በዓመት ከ1 በመቶ በላይ እንዳያድግ በሕግ ታስሯል። የአስፋልትና የሠራተኛ ዋጋ 1 በመቶን አይጠብቅም። በዚያ ላይ ሱቅና ቢሮ የበዛባቸው ሰፈሮች ባለፉት አሥርት ዓመታት ወይ ራሳቸው ከተማ ሆነዋል፣ ወይ በከተማ ተጠቃለዋል፤ ታክሳቸውን ይዘው ሄደዋል። ለካውንቲው የቀረለት የገጠር መንገድና እንደ ስካይዌይ ያለ፣ መኖሪያው በዝቶ ንግዱ ያነሰ ሰፈር ነው። ስለዚህ የእግረኛ መንገዱ አለመሠራት የማንም ክፋት አይደለም፤ ክፉ ቢኖርማ ነገሩ ይቀል ነበር።

የድንበሩ መስመር ኪስ ውስጥም ይገባል። በ2024 የሲያትል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ለትልልቅ ቀጣሪዎች 19.97 ዶላር ሲሆን፣ ስካይዌይ ውስጥ የሚሠራው የስቴቱ 16.28 ነበር። የሚለያቸው አንድ መንገድ መሻገር ነው። በዚያው ዓመት የካውንቲው ምክር ቤት በከተማ ላልተጠቃለሉ አካባቢዎች የራሱን ሕግ አወጣና ከጥር 2025 ጀምሮ የትልልቅ ቀጣሪዎቹ ክፍያ 20.29 ሆነ።

«ታዲያ ለምን አንዱ ከተማ አይወስዳችሁም?» ይሉ ይሆናል እናትየው። የስቴቱ የ1990 የዕድገት አስተዳደር ሕግ ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ከተማ መሰል ሰፈር ውሎ አድሮ ወደ ከተማ ይግባ ይላል። በ2012 ጥያቄው ለነዋሪው ቀርቦ ነበር፤ ሬንተንን እንቀላቀል ወይስ አንቀላቀል? ሕዝቡ እምቢ አለ። ታክስ ይጨምራል ብሎ የፈራ ነበር፣ የሰፈሩ ስም ይጠፋል ያለም ነበር። እኔ በውሳኔው አልፈርድም። ዛሬ የሚያውቀው ካውንቲ ነገ ከማያውቀው ከተማ ይሻላል ያለ ሰው ሞኝ አይባልም፤ ኪራይ ሽሽት ከሲያትል ሴንትራል ዲስትሪክት ወደ ሬኒየር፣ ከሬኒየር ወደዚህ ኮረብታ የወጣ ሐበሻ ይህን ስሌት ያውቀዋል።

የሰፈር ጉዳይ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በሰሜን አውስትራሊያም አለ። ዋዴዬ የተባለው የአቦርጂናሎች መንደር በመኪና መንገድ ከዳርዊን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በዝናብ ወራት መንገዱ ተቆርጦ ዕቃ በጀልባና በአውሮፕላን ይገባል። ከስካይዌይ ጋር በርቀት አይነጻጸርም፤ ከዚህ ኮረብታ የሲያትል ሕንፃዎች በአውቶቡስ ይደረስባቸዋል። ነገር ግን በ2008 የኖርዘርን ቴሪቶሪ መንግሥት በደርዘን የሚቆጠሩ የመንደር ምክር ቤቶችን በጥቂት ትልልቅ ወረዳዎች ጠቀለላቸው። የመንደሩ ሰው ቆሻሻ አነሳሱንና መንገዱን የሚጠይቅበት ጠረጴዛ ከመንደሩ ወጣ። የዋዴዬ አካባቢ በ2014 ተለይቶ የራሱ ምክር ቤት እስኪሰጠው ስድስት ዓመት ጠበቀ። መንገዱ ግን ዛሬም በዝናብ ይቆረጣል። ምክር ቤት ማግኘት አስፋልት አያነጥፍም፤ የሚጮኹበትን ጆሮ ግን ያቀርባል።

ወደ ስካይዌይ ስንመለስ መሬቱ ራሱ የነባሩ የዱዋሚሽ ሕዝብ ነው። ከኮረብታው ግርጌ ይፈስ የነበረው ብላክ ሪቨር በ1916 የመርከብ ቦይ ተቆፍሮ ሐይቁ ዝቅ ሲል ደረቀ፤ በዳርቻው የኖሩት ዱዋሚሾች ነበሩ። ሲያትል ከተማ ስሙን የወሰደው ከአለቃቸው ነው። አለቃው በ1855 ውል ቢፈርምም ዱዋሚሾች የራሳቸው የተከለለ መሬት አላገኙም። በጥር 2001 የፌደራል ዕውቅና ሊሰጣቸው ሲል አዲሱ አስተዳደር ገባና በዚያው ዓመት ተነፈጉ። ዕውቅና ከሌለ ለነባር ሕዝቦች ተብሎ የተመደበው የፌደራል ሕክምናና ድጋፍ ለነገዱ አይደርስም። ሰውየው አለ፣ በሽታው አለ፣ በሩ ግን በስሙ አይከፈትም።

ስካይዌይ በቅርብ ዓመታት ጆሮ ያገኘ ይመስላል። ከኢትዮጵያውያን ስደተኛ ወላጆች ሱዳን ተወልዶ በደቡብ ሲያትልና በዚህ ሰፈር ያደገው ግርማይ ዛሂላይ በ2019 የካውንቲው ምክር ቤት አባል፣ በኅዳር 2025 ደግሞ የካውንቲው ዋና አስፈጻሚ ሆኖ ተመረጠ። በ2022 መጨረሻ የጸደቀው የስካይዌይ ዕቅድም በሰፈሩ የንግድ ማዕከል አዲስ የሚሠራ አፓርታማ አቅም ላነሰው ሰው የሚሆን ቤት እንዲጨምር ያስገድዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የ1 በመቶው ገመድ የሰፈር ልጅ ስለተመረጠ አይላላም፤ የታሰረው ስቴቱ ሕግ ውስጥ ነው።

እስከዚያው የሐበሻው ቤት የራሱን መላ ያበጃል። ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ የውሃው፣ የካውንቲው የመንገድ ክፍል፣ የትምህርት ቤቱ፣ የሸሪፉ ቁጥር። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ያነቡና ከሥር ቦታ ፈልገው በእርሳስ ሌላ ስልክ ይጨምራሉ፤ የእድሩን ጸሐፊ።