እራታችሁን ሳሉት

የምበላውን በእርሳስ እንደምስል ከተናገርኩ ወዲህ "ፎቶ አይሻልም ወይ?" የሚለው ጥያቄ በዝቶብኛል። እዚሁ ልመልስ።

ፎቶ ስናነሳ ስልኩ ያይልናል። ስንስል ግን ራሳችን ማየት ግድ ነው። ትናንት የጾም በየዓይነቱ ሳልኩ። የምስር ወጡ ዘይት ዳር ዳሩን ተለይቶ ወጥቷል፤ የቀይ ሥሩ ቀለም አጠገቡ ያለውን ድንች ነክቶታል። ከሁሉ ያስቸገረኝ የእንጀራው ዓይን ነው። ሊጡ ሲቦካ የያዘው ጋዝ ምጣዱ ላይ በሙቀት ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ ስለሆነ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። አንድ ጥግ ስስል ብቻ ሊጡን ያቦካው፣ አብሲት የጣለው፣ ምጣድ ፊት የቆመው ሰው ድካም ታየኝ።

ነገሩን እኔ አልጀመርኩትም። በ1962 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው ጃፓናዊው ኢትሱኦ ኮባያሺ ሶባ የተባለው የጃፓን ኑድል የሚሸጥበት ቤት ምግብ አብሳይ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የበላውን በደብተር እየሳለ፣ ዋጋውንና ጣዕሙን ከጎኑ ይጽፋል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲታይ የሚስለው ከላይ ሆኖ እንደሚያይ አድርጎ ነው። በነርቭ ሕመም መራመድ ከከበደው በኋላም ቤቱ የሚመጣለትን ምግብ መሳል አላቆመም።

በእኛ ገበታ ግን ሰው እጁን ታጥቦ ሲጠብቅ እርሳስ ማውጣት ነውር ነው፤ ወጡም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦

• ብቻዬን ስሆን ከመብላቴ በፊት መስመሩን ብቻ ቶሎ እነድፋለሁ፤ ቀለሙ በኋላ ይደርሳል።

• ከሰው ጋር ስበላ ገበታው ከተነሳ በኋላ፣ ቡና እስኪፈላ በቃሌ እስላለሁ። ትዝ ያላለኝ ወጥ ካለ ሳላጣጥም ውጬዋለሁ ማለት ነው።

• ከሥዕሉ ሥር ምግቡን ማን እንደሠራው፣ እህሉም ከየት እንደመጣ እጽፋለሁ።

ለእኔ ትልቁ የመጨረሻው ነው። ማዕድ ስንቀርብ አቡነ ዘበሰማያት ወይም ቢስሚላህ እንላለን፤ አፋችን ስለለመደው ግን ልባችን ሳይሰማው የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። "ሽሮው እናቴ የላከችው" ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ግን ሳልደውልላት አልተኛም።

እስቲ ዛሬ ማታ ሞክሩት። "መሳል አልችልም" አትበሉኝ፤ ክብ መሥራት የቻለ ሰው እንጀራ መሳል አያቅተውም።