የሽማግሌው ቁልፍ

ስም አልጠራም፤ የማወራው ግን ያየሁትን ነው። በአንድ የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። የኦሮሞ ሕዝብ የፖለቲካ ዕጣ ሲነሣ አደባባይ ላይ የምትሰሙት ስለ ራስን በራስ ማስተዳደር የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 39፣ ፊንፊኔን (አዲስ አበባን)፣ ኦሮሚያ በከተማዋ ላይ እንዳላት አንቀጽ 49 ላይ የሰፈረውን ልዩ ጥቅም ነው። በሩ ሲዘጋ ሰዓቱን የሚበላው ሌላ ነው፦ ወረዳውን ማን ይይዘዋል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወለጋ የመጡ ሽማግሌ ከኮታቸው ኪስ ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የቅርንጫፍ ቢሯችን ቁልፍ ነው። "በሩ ላይ ሌላ ጓጉንቸር ገብቶበታል፤ ይሄን ምን ላድርገው?" አሉ በኦሮምኛ። የመለሰላቸው የለም። እኔም የምጽፈው ጠፍቶኝ መስመሩን ባዶ ተውኩት።

በ2013ቱ ምርጫ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ)ና የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) አባሎቻችን ታሰሩ፣ ቢሮዎቻችን ተዘጉ ብለው ከውድድሩ ሲወጡ ነገሩን እንደ ኩርፊያ ያዩት ነበሩ። ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫ 178ቱ የኦሮሚያ ነው። ሲሶ የሚጠጋው የአገር ወንበር ያለ ዋነኞቹ ተቀናቃኞች ተሞላ ማለት ነው። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በ2015 ዛንዚባር፣ በ2016 ዳሬሰላም ላይ መንግሥትና ነፍጥ ያነሣው የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ለድርድር ተቀመጡ፤ አልሆነም። መንግሥት ጥያቄያቸው ተጨባጭ አይደለም አለ፤ ታጣቂዎቹ ደግሞ የተፈለገው መሪዎቻችንን በሥልጣን መደለል ብቻ ነው አሉ። እዚያ አልነበርኩም። ሁለቱን መግለጫ ጎን ለጎን ሳነብ ግን የታየኝ ያ ጓጉንቸር ነው፤ ሚሊሻውን ማን ያዛል፣ ገበሬው አቤት የሚለው ለማን ነው?

እኛ የኦሮሞ ፖለቲካ ሰዎች ውስጥም ቢሆን አንድ ልብ የለም። በ2010 የኦሮሞ ሰው ቤተ መንግሥት ሲገባ ያገኘነውን አናጣው የሚሉ አሉ። ሰው ገባ እንጂ ጥያቄው ደጅ ቀረ የሚሉም አሉ፤ እኔ ከነዚህ ነኝ። በ2008 ጊንጪ ላይ ተቃውሞው ሲነሣ ተማሪ የነበሩት ዛሬ የልጆች አባት ናቸው። ስብሰባ ላይ ኋላ ይቀመጣሉ፤ እጅ አያወጡም። ድሮ ዝም በሉ የምንላቸው እነሱን ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ ዝምታቸው ነው።

ቁልፉ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሽማግሌው ኔትወርክ ባገኙ ቁጥር ይደውላሉ። ስለ አንቀጽ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ "ልጄ፣ በሩ ተከፈተ?" ነው የሚሉኝ።