ዝምታው የተመለሰለት ፊልም

አንዲት እናት ልጇ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት አልፎባታል። ምሳው ተሠርቷል፣ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል፣ የግድግዳው ሰዓት እኩለ ቀን ከደወለ ቆይቷል። በሩን ከፍታ ወደ ደረጃው ቁልቁል ትጣራለች፤ «ኤልዚ!» መልስ የለም። ደግማ ትጣራለች። ካሜራው እሷን ይተውና ባዶውን ደረጃ፣ ልብስ የተሰጣበትን ጭር ያለ ጣሪያ ሥር፣ ማንም ያልነካውን ሳህን ያሳያል። ከዚያ ከቁጥቋጦ ሥር አንዲት ኳስ ተንከባላ ትወጣና ትቆማለች። ሰው መሰል ፊኛ ከስልክ ሽቦ ጋር ተጠላልፎ ጥቂት ሲወራጭ ይቆይና ነፋስ ይወስደዋል። ግድያው አልታየም። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፣ ሙዚቃ እንኳ የለም። የሚሰማው የእናትየው ድምፅ ብቻ ነው።

ይህ የፍሪትዝ ላንግ «ኤም» አጀማመር ነው። ፊልሙ በርሊን ውስጥ በ«ኡፋ ፓላስት አም ዞ» ሲኒማ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሜይ 11 ቀን 1931 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ላንግ ያኔ «ሜትሮፖሊስ»ን ከሠራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ስሙ የገነነ ዳይሬክተር ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ሲሠራ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ርእሱ የሆነችው አንዲት ፊደል «ሞርደር» የሚለው የጀርመንኛ ቃል መነሻ ናት፤ ገዳይ ማለት ነው። የጀርመን የፊልም ቤተ መዛግብት ማኅበር በ1990ዎቹ አጋማሽ ባለሙያዎችን ጠይቆ የአገሪቱን ታላላቅ ፊልሞች ሲያስመርጥ አንደኛ የወጣው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። «ኤም»ን አይቻለሁ የሚል ሰው ሁሉ ያየው አንድ ፊልም አይደለም። ለአሥርተ ዓመታት ሲዞር የኖረው ቅጂ የተቆረጠ፣ ጎኑ የተገመጠ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ላንግ ያላስገባው ድምፅ የተጨመረበት ነበር። በዲቪዲና በብሉ ሬይ የወጣው የታደሰ ቅጂ ለምን እንዲህ እንደሚወደድ የሚገባው ይህን ያወቀ ሰው ነው።

ታሪኩን ላላየው ሰው ባጭሩ፦ በርሊን ውስጥ ሕፃናትን እየገደለ የሚሰወር ሰው አለ። ከተማው ይታመሳል። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ አንዲት ልጅ ሰዓት ጠይቃው የመለሰላት ምስኪን ሽማግሌ ሳይቀር በመንገደኛ ተከቦ ይዋከባል። ፖሊስ ሌሊት ሌሊት መጠጥ ቤቶችን እየፈተሸ መታወቂያ ይጠይቃል። በፍተሻው ሥራቸው የተስተጓጎለባቸው ሌቦችና ወሮበሎች ተሰብስበው ይመክሩና ገዳዩን ራሳቸው ሊይዙት ይወስናሉ፤ ለክትትሉም የከተማውን የኔ ቢጤዎች በየመንገዱ ያሰማራሉ። ላንግ የፖሊሶቹንና የሌቦቹን ስብሰባ እያፈራረቀ ያሳያል። አንዱ ወገን የጀመረውን የእጅ ምልክት ሌላው ይጨርሰዋል፤ ሁለቱም ክፍል በሲጋራ ጭስ ይታፈናል። በየትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ተመልካቹ እስኪጠፋው ድረስ ይመሳሰላሉ።

ይህ ከሜዳ የመጣ ፈጠራ አይደለም። መርማሪው ሎማን የተቀረጸው በበርሊን የግድያ ምርመራ ክፍል አለቃ በኤርንስት ጌናት አምሳል ነው። ሌቦቹም ቢሆኑ በጊዜው በርሊን ውስጥ «ሪንግፈራይን» የሚባሉ እውነተኛ ማኅበራት ነበሯቸው። አባል መዋጮ ይከፍላል፤ የታሰረ ሰው ሲኖር ቤተሰቡ ይደጎማል፤ የሞተ ሲኖር በወግ ይቀበራል። የአገራችን ሰው ዕድር ቢላቸው ብዙም አልሳተም፤ ልዩነቱ የአባላቱ መተዳደሪያ ነው።

ገዳዩንም ብዙዎች የዱሰልዶርፉ ፔተር ኩርተን ነው ይላሉ። ኩርተን የተያዘው በ1930 ነው፤ የሞት ቅጣቱ የተፈጸመበት ደግሞ ፊልሙ ከታየ ሁለት ወር ሳይሞላ በጁላይ 1931 ነበር። ላንግ ግን ድርሰቱ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም እያለ ኖሯል። ከባለቤቱ ከቴያ ፎን ሃርቡ ጋር ሆነው ሲጽፉት፣ በዚያ ዘመን ጀርመንን ያሸበሩ ገዳዮች ብዙ ነበሩ። ፊልሙ ሲከፈት ልጆቹ በግቢው ውስጥ እየዘፈኑ የሚጫወቱት ጨዋታ ስለ ሃኖቨሩ ነፍሰ ገዳይ ስለ ፍሪትዝ ሃርማን ሲዘፈን ከነበረ የሰፈር ዘፈን የተወሰደ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። ቀረጻው የተካሄደው ከበርሊን ዳር ሽታከን በሚባል ሥፍራ፣ ዜፔሊን የሚባሉት ግዙፍ የአየር መርከቦች ይጠለሉበት በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ሌሎች ዳይሬክተሮች በአዲሱ መሣሪያ ተደስተው ተዋናዮቻቸውን ያለ ፋታ ሲያናግሩና ሲያዘፍኑ፣ ላንግ የፊልሙን ሲሶ ገደማ ያለ ድምፅ ቀረጸ። ከበስተጀርባ የሚጫወት ሙዚቃ አንድም ቦታ የለም። ያለው ፉጨት ነው፤ ገዳዩ ልቡ ሲነሣሣ የኖርዌጂያዊውን የኤድቫርድ ግሪግን ዜማ ያፏጫል። ዋናው ተዋናይ ፔተር ሎሬ ማፏጨት አይሆንለትም ነበርና የሚሰማው የላንግ የራሱ ፉጨት ነው። ገዳዩም የሚታወቀው በዚሁ ነው። ኤልዚ በተገደለችበት ቀን ፊኛ የሸጠው ዓይነ ስውር ሽማግሌ ያንን ዜማ ዳግም ሲሰማ ይለየዋል። አንድ ወጣት በጠመኔ መዳፉ ላይ ፊደሏን ጽፎ፣ የተደናቀፈ መስሎ የገዳዩን ትከሻ መታ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ምልክቱን በጀርባው ተሸክሞ ይዞራል። ከተማ ሙሉ ፖሊስ ያጣውን ሰው ዓይን የሌለው በጆሮው አገኘው፤ ፊልሙ ከዚህ የሚልቅ ሐሳብ የለውም።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ፊልም ላይ ዝምታውን ቢወስዱበት ምን ይቀራል?

የደረሰበት ግን ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቅጂ 117 ደቂቃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መቆራረጥ ጀመረ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1934 ታገደ። ከጦርነቱ በኋላ በ1960 አካባቢ በጀርመን እንደገና ለሲኒማ ሲቀርብ ከ100 ደቂቃ በታች ወርዷል፤ ያቀረቡት ሰዎች ደግሞ ዝምታው ለዘመኑ ተመልካች ስህተት ይመስላል ብለው በባዶዎቹ ቦታዎች የመንገድ ጫጫታና ሌላ ሌላ ድምፅ ሞሉበት። ከመቁረጡ የመጨመሩ ጥፋት ይብሳል። የተቆረጠ ነገር ጉድለቱ ይታያል፤ ተመልካቹ ታሪኩ እንደዘለለ ይገባዋል። የተጨመረ ድምፅ ግን ከፊልሙ ጋር ተዋህዶ ይደበቃል፤ ማንም ሰው «ይህ የመኪና ድምፅ የማነው?» ብሎ አይጠይቅም። ላንግ ፖሊሶቹን በጭር ያለ ጎዳና ላይ በፍጹም ጸጥታ አስጉዞ፣ ድንገት በአንድ ፉጨት ጸጥታውን ሲሰብረው ተመልካቹ ይደነግጣል። ከፉጨቱ በፊት ጫጫታ ካለ የሚሰበር ነገር የለም።

ሁለተኛው ጉዳት የምስሉ ቅርጽ ነው። ድምፅ በፊልም ላይ መታተም ሲጀምር በቀጭን መስመር ከምስሉ ጎን ሰፈረ። ለመስመሩ ቦታ ሲለቀቅ የምስሉ ስፋት ጠበበና ወደ ካሬ የተጠጋ ሆነ፤ ቁመቱ አንድ ቢባል ወርዱ 1.19 ነው። ይህ ቅርጽ ብዙ አልቆየም። በ1932 ሆሊዉድ ሰፋ ያለ መለኪያ አወጣና ፕሮጀክተሮችም ማተሚያዎችም በዚያ ተስተካከሉ። የቆዩት ፊልሞች ወደ አዲሱ ልክ ሲገቡ ታዲያ ጠርዛቸው ተገመጠ። ቀረጻውን የሠራው ፍሪትዝ አርኖ ቫግነር የእያንዳንዱን ምስል ጠርዝ በጥንቃቄ የለካ ሰው ነበር፤ የሰው ጭንቅላት ከላይ ሲቆረጥ፣ ጥላው ከጎን ሲጎድል ሥራው ፈረሰ ማለት ነው።

ትልቁ እድሳት በ2000 የተጠናቀቀው ነው። ሥራውን የመራው የኔዘርላንድስ የፊልም ሙዚየም ሲሆን የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት፣ የስዊዘርላንድ ሲኒማቴክ፣ ኪርሽ ሚዲያና የዜድ ዲ ኤፍ/አርቴ ቴሌቪዥን ተባብረዋል። መነሻው በርሊን በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት የተቀመጠው፣ ካሜራው ውስጥ የነበረው ኔጋቲቭ ራሱ ነው። እሱ በጎደለበት በሌሎች አገሮች ከተረፉ ቅጂዎች እየተለቀመ ተሞላ። የተጨመሩት ድምፆች ወጡ፤ ዝምታው ወደ ቦታው ገባ፤ ምስሉም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመለሰ። 110 ደቂቃ ያህል ተገኘ። የቀረው ሰባት ደቂቃ ገደማ አልተገኘም፤ አዳሾቹም ክፍተቱን በግምት ሊሞሉት አልሞከሩም። ይህ ቁጥብነት ከሥራው ሁሉ የበለጠ የሚመሰገን ነው። በ1960 የተሠራው ስህተት ፊልሙን «ለማሻሻል» ከተነሡ ሰዎች የመጣ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ያለው የቴክኒክ መሻሻል ነው። የአሜሪካው ክራይቴሪየን በ2004 በሁለት ዲቪዲ፣ በ2010 ደግሞ በብሉ ሬይ አወጣው፤ እንግሊዝ አገር ዩሬካ «ማስተርስ ኦቭ ሲኒማ» በሚለው ተከታታዩ በዚያው በ2010 አቀረበው። በብሉ ሬዮቹ ላይ ከተካተቱት ተጨማሪዎች ለብቻው መጠቀስ ያለበት የእንግሊዝኛው ቅጂ ነው። ያኔ ፊልም ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር አንዳንድ ትዕይንት እንደገና ይቀረጽ ነበር፤ ጠፋ ሲባል የኖረው ይህ ቅጂ በብሪታንያ የፊልም ተቋም መዝገብ ውስጥ ተገኝቷል። ሎሬ ገዳዩ በችሎት ፊት የሚያደርገውን ንግግር በእንግሊዝኛ ደግሞ ተውኖታል። ጀርመንኛውንና እንግሊዝኛውን አከታትሎ ያየ ሰው አንድ ተዋናይ ቋንቋ ሲለውጥ ፊቱም እንዴት አብሮ እንደሚለወጥ ይታዘባል። በክራይቴሪየኑ ላይ ደግሞ የፊልሙ ኤዲተር ፓውል ፋልከንበርግ ለተማሪዎች ሲያስረዳ የተቀዳ ድምፅና ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን በ1975 ላንግን ያነጋገረበት ቃለ መጠይቅ አሉ።

ያ የችሎት ትዕይንት ነው ፊልሙን ከተራ የወንጀል ፊልም የሚያወጣው። ሌቦቹ ገዳዩን ይዘው በተተወ የመጠጥ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ይፈርዱበታል። ዳኛው ራሱ ሰው የገደለ ነው። ሎሬ ተንበርክኮ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ከውስጡ የሚያሳድደውን ነገር ማምለጥ እንዳልቻለ ሲናገር ተመልካቹ ይጨነቃል፤ የልጆቹን እናቶች እያሰበ ለዚህ ሰው ማዘኑን ይጠላዋል። ላንግ አያግዘውም። መጨረሻ ላይ እውነተኞቹ ዳኞች ይገባሉ፤ ፍርዳቸው ግን ሳይሰማ ፊልሙ ወደ እናቶቹ ይዞራል።

ይህንኑ ንግግር ናዚዎች ሰርቀውታል። አይሁዳዊው ሎሬ በ1933 ከአገር ወጥቶ ነበር፤ ላንግም በዚያው ዓመት ተሰደደ። በ1940 አይሁዶችን ለማስጠላት በተሠራው «ዘላለማዊው አይሁድ» በሚባለው የፕሮፓጋንዳ ፊልም ውስጥ የሎሬን ትወና ቆርጠው አስገቡና የአይሁድ ባሕርይ ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። ቴያ ፎን ሃርቡ ጀርመን ቀርታ የናዚ ፓርቲ አባል ሆነች። የወሮበሎቹን አለቃ የተጫወተው ጉስታፍ ግሩንድገንስ በዚያው መንግሥት ሥር የበርሊንን ትልቅ ቴአትር መራ። ገዳዩን በፉጨቱ የለየውን ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ የተጫወተው ጌኦርግ ዮን አይሁዳዊ ነበር፤ ወደ ፖላንድ ተወስዶ በ1941 በሎድዝ ጌቶ ሞተ። በፊልሙ ውስጥ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያ ጥቂት ደቂቃ ጥርት ብሎ፣ ፊቱ ሳይገመጥ፣ በላዩ የባዕድ ጫጫታ ሳይጫንበት መመለሱ ለእድሳቱ ድካም ሁሉ በቂ ምክንያት ነው።

ፊልሙን ልታዩት ካሰባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ። ርዝመቱ 110 ደቂቃ ገደማ ይሁን፤ ከመቶ በታች ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ምስሉ ጠባብ ሆኖ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይኑረው፤ ቴሌቪዥኑን ልሙላ ብላችሁ አትለጥጡት። ክፍሉን አጨልሙ፣ ስልኩን ራቅ አድርጉ። መሐል ላይ ድምፁ ጭራሽ ሲጠፋ መሣሪያው የተበላሸ ይመስላችኋል፤ አልተበላሸም፣ ድምፁን ለመጨመር ሪሞቱን አታንሡ።