ከሱብሒ በኋላ ሃያ ደቂቃ፦ ስለ ዕቅድ፣ ስለ ሩጫና ጆሯችን ላይ ስለምንሰካው ነገር



የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲጀመር በየዶርሙ የሎከር በር ላይ ወረቀት ይለጠፋል። እኔም አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለጥፌ ነበር። አሥራ ሁለት ነገር ነበረበት፦ ውጤት ከ3.5 በላይ፣ ሁለት ጁዝ ሒፍዝ፣ ተሐጁድ፣ እንግሊዝኛ ማሻሻል፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሩጫ፣ ሌላም ሌላም። ሩጫው ሥር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት ነበር። ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ክረምት አባቴ ስኳር እንዳለበት ታወቀ። ከእሱ በፊት ሁለት አጎቶቼ ላይ ታይቷል። በቤታችን ስኳር እንደ መሬት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ይመስላል፤ እኔ ግን ይህን ውርስ አልፈልግም አልኩ።

ሩጫው ሦስት ቀን ቆየ። ሁለተኛው ዙር ላይ ደረቴ ተቃጠለ፣ አፌ ደም ደም አለኝ፣ ጆሮዬን ብርዱ ቆረጠው። በአራተኛው ቀን አላርሙን አጥፍቼ ተመልሼ ተኛሁ። ኅዳር ሲገባ ወረቀቱ በአንድ ጥግ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የዶርም ጓደኞቼም የሻይ ዕዳ ይጽፉበት ጀመር። ያኔ ራሴን ሰነፍ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ ሳስበው ስንፍና ብቻ አልነበረም። አንዳንዱ ነገር የአየሩ፣ አንዳንዱም የዕቅዱ ጥፋት ነበር። አዲስ የገባችሁ ወንድሞችና እህቶች እኔ የወደቅኩበት ቦታ ላይ እንዳትወድቁ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ከአየሩ ልጀምር። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎባ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ብንሄድ ያው 21 በመቶ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። በሮቤ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሰውነት ለዚህ መልስ አለው። ወዲያው ትንፋሽና የልብ ምት ይፈጥናሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኩላሊት ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ምርቱ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

ከብድሬ የመጣው የዶርም ጓደኛዬ (ዩኒቨርሲቲው ስሙን ያገኘው ከእኛ ከመዳ ወላቡ ነው እያለ እስከ ዛሬ ይኮራብናል) በመጀመሪያው ሳምንት ፎቅ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ይቆም ነበር። አገሩ ሳለ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲጫወት የሚውል ልጅ ነው። ከቆላ የመጣችሁ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በምትሮጡት ሩጫ ራሳችሁን አትመዝኑ። ያልለመደው ደማችሁ ነው። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ምን ያህል ልሩጥ ለሚለው የእጅ ሰዓት መግዛት አያስፈልግም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ፈተና አለ። እየተንቀሳቀሳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ፣ ማዜም ግን ካቃታችሁ፣ መጠነኛ የሚባለው እንቅስቃሴ ላይ ናችሁ። ጥቂት ቃላት ተናግራችሁ መተንፈስ ካስፈለጋችሁ ጠንካራው ላይ ደርሳችኋል። ነሺዳውን ከነአዝማቹ መጨረስ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ እግራችሁን ትንሽ ጨመር አድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም ይጨምርበታል። 150 ደቂቃ ለሰባት ቀን ሲካፈል 21 ደቂቃ ከምናምን ነው። እኔ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት የዚህን ሦስት እጥፍ ነበር፤ ያውም ሮጦ ለማያውቅ ሰው።

ስለ ስኳር ከተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። የተጠኑት የደም ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ በሽታው ግን ገና ያልያዛቸው ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ የተደረጉት፣ ምንም መድኃኒት የሌለው ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት የቀነሰላቸው 31 በመቶ ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ስንማር እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ስለ አባቴ ማሰቤን አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ዕቅዱ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ነገር ይህ ነው፦ «ስፖርት እሠራለሁ» ብሎ የወሰነ ሰውና «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው እኩል አይፈጽሙም። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ጊዜውና ቦታው ራሱ ያስታውሰዋልና። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ በቀን አምስት የማይቀሩ ቀጠሮዎች አሉን። «ሱብሒን ሰግጄ ከመስጂድ ስመለስ ጫማዬን ቀይሬ ሜዳው ላይ እወርዳለሁ» ማለት በቂ ነው። ሱብሒ ላይ ብርዱ የሚከብደው ከዐስር በኋላ ያድርገው። ዋናው ከሰላት ጋር ማያያዙ ነው።

ስንት ቀን ሲደረግ ነው ልማድ የሚሆነው? ብዙ ሰው 21 ቀን ይላል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ያገኙት ግን በአማካይ 66 ቀን ነው። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደ፤ ለአንዳንዱ እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ ተገመተ። ከጥናቱ ውስጥ ለእኔ የጠቀመኝ ሌላው ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። እኔ በአራተኛው ቀን ስለቀረሁ ሁሉንም ጣልኩት፤ በአምስተኛው ተመልሼ ብወጣ ኖሮ ምንም አልጎደለብኝም ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ማስተማራቸውን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ሰምተናል። እኔ ግን ሐዲሱን ለሶላትና ለቁርኣን ብቻ እንጂ ለሩጫ አስቤው አላውቅም።

ልምምዱ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ይሁን፦ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን ሰባት ጊዜ። ሃያ አንድ ደቂቃ ሆነ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለላችሁ። በሌሎቹ ቀናት ፈጠን ያለ እርምጃ፤ ሁለቱን ቀን ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ። በየሳምንቱ ሶምሶማውን ትንሽ እያስረዘማችሁ እርምጃውን ስታሳጥሩ፣ ሁለት ወር አካባቢ ላይ ሃያ ደቂቃ ሳታቋርጡ ትሮጣላችሁ ኢንሻአላህ። ሚድ ኤግዛም መሐል ላይ መውደቁ አይቀርም። ለዚያ ሳምንት ዐሥር ደቂቃ ብቻ ያዙ፤ ዜሮ ግን አይሁን።

የባሌ ልጅ የሆነውን ኢብራሂም ጄይላንን የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? እ.ኤ.አ. በ2006 ቤጂንግ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ስሙ በአገራችን ብዙ አይነሳም ነበር፤ ጃፓን እየሮጠ ቆየ። በ2011 በዴጉው የዓለም ሻምፒዮና የሁላችን ዓይን ቀነኒሳ በቀለ ላይ ነበር። ቀነኒሳ ውድድሩን አቋረጠ። ሞ ፋራህ ተፈትልኮ ወጣ፤ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለ። ኢብራሂም በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደርሶበት፣ አልፎት፣ በ27፡13.81 ወርቁን ወሰደ። ልዩነቱ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። እኔን የሚገርመኝ ያ መጨረሻው ሳይሆን ማንም ሳያየው የሮጠባቸው አምስት ዓመታት ናቸው።

ለእህቶች ጉዳዩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የክፍል ጓደኛዬ የሆነች አንዲት እህት «ብርዱንስ እችለዋለሁ፣ ዓይኑን ነው የማልችለው» ብላኛለች። ሜዳውን ወንዶች ሞልተነው «ሴቶች ስፖርት አይወዱም» ማለት ፍትሕ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ ጋር መሽቀዳደማቸው የተዘገበ ነው። ከጎረቤታችን ከአርሲ የተገኘችው ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት፤ ቦስተንን ደግሞ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወስዳለች። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በ2024 የፓሪስ ማራቶን ወርቋን የተቀበለችው ሒጃብ ለብሳ ነው። እህቶች ሦስት አራት ሆናችሁ ብትወጡ፣ ሰዓት ለይታችሁ ብትጠቀሙ፣ ካልሆነም ዶርም ውስጥ ገመድ መዝለልና ደረጃ መውጣት ቢሆን፣ ልብ ለይቶ አያውቅም። ወንድሞች ደግሞ የተለየውን ሰዓት እናክብር።

አሁን ወደ ጆሮ ማዳመጫው። በእኛ ዶርም ትልቁ ክርክር የተነሣው በዚህ ነው። ሙዚቃ ሩጫን ያግዛል ወይ ብትሉኝ መልሱ አዎ ነው። በለንደን ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ኮስታስ ካራጊዮርጊስ የሚባል ተመራማሪ ዕድሜውን ለዚህ ጥያቄ ሰጥቷል። ዜማው ሐሳብን ከድካሙ ላይ ያነሣል፤ ምቱ እርምጃን እኩል ያስኬዳል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የእኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 በርሚንግሃም ላይ የቤት ውስጥ የ2,000 ሜትር ክብረ ወሰን ሲሰብር በድምፅ ማጉያው ይሰማ የነበረው «ስካትማን» የተባለው የፖፕ ዘፈን ነበር። ኃይሌ እርምጃውን ከምቱ ጋር አስማማ። ዘፋኙ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚንተባተብ ሰው መሆኑን ስሰማ ዘፈኑን ይበልጥ ወደድኩት።

ሙዚቃው ግን ወሰን አለው። በቀላልና በመጠነኛ ፍጥነት ድካምን ያስረሳል፤ በሙሉ ጉልበት ስንሮጥ ሰውነት ራሱ ስለሚጮህ ዜማው አይሰማም። ተመራማሪዎች ለስፖርት የሚመርጡት ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ምት ያለውን ነው። የምትወዱትን ነገር ምት ለማወቅ ለ15 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በአራት አባዙ።

የብድሬው ጓደኛዬ የሙዚቃ መሣሪያ አይሰማም። አብዛኞቹ የአራቱ መዝሀቦች ዑለማዎች የያዙትን ነው የያዘው። እንደ ኢብኑ ሐዝም ያሉ የፈቀዱም አሉ፤ ኢማም አል-ገዛሊም በኢሕያእ ውስጥ በመስፈርት ለይተው ጽፈውበታል። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። ለማለት የምፈልገው ግን «ያለ ሙዚቃ አልሮጥም» ማለትም፣ «ሙዚቃ ስለማልሰማ ስፖርት ለእኔ አይሆንም» ማለትም አያስኬድም። ማሂር ዘይን ነሺዳዎቹን በድምፅ ብቻም አውጥቷቸዋል። የሼኽ መሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ ለእርምጃና ለማሟሟቂያ ስንቶቻችንን አገልግሏል። ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን በእግራቸው የሚጓዙ ሰዎች ባሮ እያዜሙ በትራቸውን ይዘው ያን ሁሉ መንገድ ሲያቋርጡ የኖሩት ስልክ ሳይኖር ነው። ጓደኛዬ ደግሞ በሶምሶማው ሰዓት የሐፈዘውን ይከልሳል፤ አንድ ገጽ በአንድ ዙር። ትንፋሹ ከቆረጠው ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፤ የመናገሩን ፈተና ሳያውቀው ይሠራበት ነበር።

ከግቢ ውጭ በሮቤና በጎባ መሐል ባለው መንገድ የምትሮጡ ግን አንዱን ጆሯችሁን ክፍት አድርጉ። ባጃጁም፣ የጭነት መኪናውም፣ የፈረስ ጋሪውም ከኋላ ነው የሚመጣው። ድምፁንም ቀንሱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ጆሮ የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው።

ስለ ምግብ ባጭሩ፦ ገብስ አገር ላይ ተቀምጦ ኃይል ሰጪ መጠጥ መግዛት አልገባኝም። ከሩጫ በፊት ጥቂት በሶ ይበቃል። ጩኮ ጣፋጭ ነው፤ ቅቤው ግን ሆድ ላይ ስለሚከብድ ለኋላ ይቆይ። ሌሊቱን ጫት ሲቅም ያደረ ሰው በማግስቱ እንቅልፍም ምግብም ስለሌለው ሩጫው ቅጣት ይሆንበታል። በረመዳን ደግሞ ሊፈጠር ሩብ ጉዳይ ሲቀረው ቀላል እርምጃ፣ ጠንከር ያለውን ከተራዊሕ በኋላ።

እኔ አሁን አራተኛ ዓመት ነኝ። ሎከሬ ላይ ያለው ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነው። አባቴ ከዐስር በኋላ በእግሩ መዞር ጀምሯል፤ ሐኪሙ ነው ያዘዘው። ጁሙዓ ጁሙዓ ስደውልለት ስለ ውጤቴ ሳይጠይቀኝ በፊት «ስንት ዙር ሮጥክ ልጄ?» ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። ያለፈው ሳምንት በልጦኝ ነበር።