የሁምቦ ደን ከአየር የሚይዘው ጋዝ በቶን የሚሰላው እንዴት ነው?

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወላይታ ዞን፣ ከወላይታ ሶዶ ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው የሁምቦ ወረዳ፣ 2 ሺህ 728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት ተከልሎ መልሶ በደን እንዲሸፈን የተደረገበት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 በኪዮቶ ፕሮቶኮል የንጹህ ልማት አሠራር መመዝገቡ ይታወቃል። ደኑ በ30 ዓመታት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይይዛል ተብሎ የታቀደ ሲሆን፣ ከዚሁ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን ለመግዛት በዓለም ባንክ የሚተዳደረው የባዮካርቦን ፈንድ ውል ገብቶ ነበር።

በዓይን የማይታይ ጋዝ በቶን ተሰልቶ ለሽያጭ መቅረቡ ብዙዎችን ማስገረሙ አይቀርም። ስሌቱ የሚያርፈው በመጠነ ቁስ አይጠፌነት ሕግ ላይ ነው። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንትዋን ላቯዚዬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በታሸጉ ዕቃዎች ውስጥ ብረታ ብረት በማሞቅ እንዳረጋገጠው፣ በኬሚካዊ ለውጥ ወቅት ቁስ መልኩን ይቀይራል እንጂ አጠቃላይ መጠኑ አይጨምርም፤ አይቀንስም።

ማገዶ ነዶ ሲያበቃ በምድጃው የሚቀረው ጥቂት አመድ በመሆኑ እንጨቱ የጠፋ ይመስላል። ይሁን እንጂ የደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። 12 ኪሎ ግራም ካርቦን ሲነድ ከአየር 32 ኪሎ ግራም ኦክስጅን ወስዶ 44 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በመሆኑም አንድ ቶን ደረቅ እንጨት ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ከ1 ነጥብ 8 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ጋዙ ከእንጨቱ ይልቅ የሚከብደው በኦክስጅኑ ምክንያት ነው።

ዛፍ ሲያድግ የሚከናወነው የዚሁ ተገላቢጦሽ ነው። ግንዱ የተገነባበት ካርቦን በቅጠሎቹ አማካይነት ከአየር የተወሰደ እንጂ ከአፈር የተመዘዘ አይደለም።

ባለሙያዎች ጋዙን በቀጥታ አይመዝኑም። በናሙና ቦታዎች የዛፎችን ውፍረት ለክተው የደረቅ እንጨቱን መጠን ይገምታሉ፤ ከዚያ የካርቦኑን ድርሻ አውጥተው በ44 አባዝተው ለ12 ያካፍላሉ። ሪፖርት የሚያዘጋጅም ሆነ የሚያጸድቅ ኃላፊ “ቶን ካርቦን” እና “ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ” የሚሉትን መለየት ይኖርበታል። ሁለቱን ማምታታት ውጤቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ያዛባዋል፤ ገንዘቡንም እንዲሁ።

በሁምቦ አብዛኛው ደን የለማው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን፣ በሕይወት የቆዩ ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ በመጠበቅና በመግረዝ ሲሆን፣ ጥበቃውን በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ አርሶ አደሮች ተረክበዋል። ያው ሕግ ግን በተቃራኒውም ይሠራል። ዛፉ ተቆርጦ ከሰልና ማገዶ ከሆነ፣ ለዓመታት የተያዘው ካርቦን ተመልሶ አየር ውስጥ ይገባል። ከተከለለው ቦታ የተከለከለ ማገዶ ለቀማ ወደ ሌላ ደን ቢዛወርም በአየሩ ዘንድ ልዩነት የለውም፤ ስለሆነም ከሂሳቡ ላይ ይቀነሳል። በንጹህ ልማት አሠራር ለደን ይሰጥ የነበረው የምስክር ወረቀት የጊዜ ገደብ እንዲኖረው የተደረገውም ካርቦኑ ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል ነው።