በቤት ኮምፒውተር ላይ ቁጥጥር ሲጫን ልጁ ይወቅ

ነቀምት ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ልጄ የሚጽፈውንና የሚያየውን ሁሉ፣ እሱ ሳያውቅ የሚያሳየኝ ነገር ጫንልኝ።» ጥያቄው ከፍቅርና ከስጋት እንደሚመጣ ይገባኛል። ለታላቁ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተገዛውን ላፕቶፕ ታናናሾቹም ይጠቀሙበታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኦንላይንም ስለሚሰጥ፣ ኮምፒውተር ከልጅ እጅ ይራቅ ማለት አይቻልም። በዚያ ላይ የወለጋ ወላጅ የሚፈራው የብልግና ፊልምን ብቻ አይደለም፤ ልጁ የተቀበለው አንድ ቪዲዮ መዘዝ እንዳያመጣበትም ይሰጋል።

ቁጥጥር ያስፈልጋል። በድብቅ የሚጫነውን ግን አልጭንም። ምክንያቴ ይኸውና።

የስለላ ፕሮግራም ተጠቃሚው የሚነካውን ቁልፍ ሁሉ እየመዘገበ፣ የስክሪኑን ምስል እየያዘ ብዙውን ጊዜ ወደ ሻጩ ሰርቨር ይልካል። ኮምፒውተሩ የቤተሰቡ ከሆነ የእናንተም የይለፍ ቃል አብሮ ይሄዳል። ኤምስፓይ የተባለው በዓለም የታወቀ የመከታተያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ተሰብሮ የደንበኞቹ መረጃ ወጥቷል፤ በ2024 ደግሞ የሚሊዮኖች መረጃ አፈትልኳል። ከቴሌግራም በነጻ የሚወርደው «ክራክ» የተደረገውማ ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ዛሬ በታዳጊዎች ላይ ከሚደርሱት ክፉ ነገሮች አንዱ እንዲህ ይጀምራል፦ የማይታወቅ ሰው በቴሌግራም ከልጁ ጋር ይግባባል፣ ፎቶ ይጠይቃል፣ ፎቶው እጁ ሲገባ «ብር ላክ፤ አለዚያ ለቤተሰብህ እበትነዋለሁ» ይላል። ሕፃንን ለወሲብ ነገር ማባበልም ሆነ በኮምፒውተር ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጡ ወንጀሎች ናቸው። ሕጉ የሚሠራው ግን ልጁ ለአንድ ትልቅ ሰው ሲናገር ነው። ወላጆቹ በስውር ሲከታተሉት እንደኖሩ የደረሰበት ልጅ ደግሞ በጭንቁ ሰዓት ወደ እነሱ አይሄድም። አስፈራሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ዝምታ ነው።

የኢንተርኔት ማገጃ ብቻውንም አይበቃም። በ2012 ዓ.ም. በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መጋቢት ላይ ነበር የተመለሰው። ያኔም ቢሆን ፊልምና ቪዲዮ በፍላሽና በሚሞሪ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። በፍላሽ የሚገባን ነገር የኢንተርኔት ማገጃ አያየውም።

እኔ ለወላጆች የምሠራላቸው ይህን ነው፤ ሁሉንም ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ እያየ።

1. ኮምፒውተሩ ሳሎን ይቀመጥ፤ ማታ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ።

2. ለልጁ የራሱ የዊንዶውስ አካውንት ይከፈትለት። የአድሚን የይለፍ ቃል ወላጅ ጋር ይሁን።

3. የማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ ነጻ ነው። የሰዓት ገደብ ያስቀምጣል፣ የተከፈቱ ገጾችን ሪፖርት ያደርጋል። የገጽ ማገጃው የሚሠራው በኤጅ ብራውዘር ላይ ስለሆነ ክሮም እንዳለ ከተተወ ዋጋ የለውም።

4. ዋይፋይ ካለ የራውተሩን ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) ወደ 1.1.1.3 ቀይሩት። ይህ የክላውድፍሌር አገልግሎት በነጻ የብልግናና የቫይረስ ገጾችን ያግዳል። ልጁ በሞባይል ዳታ ከገባ ግን አይመለከተውም።

5. ቴሌግራም ላይ፣ የፕራይቨሲ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥሩ ለማንም እንዳይታይ፣ ግሩፕ ውስጥ የሚያስገቡትም የሚያውቃቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ አድርጉ። በልጁ አካውንት በራሳችሁ ስልክ ገብታችሁ መልእክቱን አታንብቡ፤ ችግራቸውን ያካፈሉትን የጓደኞቹንም ምስጢር ታነባላችሁና።

ዕድሜም ይታይ። ለ13 ዓመት ልጅ የሚበቃው ጥብቅ ገደብ ለ17 ዓመቱ ውርደት ነው። በየዓመቱ አንድ ገደብ አብራችሁ አንሱ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 5 ወላጅ ልጁን እያደገ በሚሄደው አቅሙ ልክ እንዲመራው ይላል፤ በአንቀጽ 16 ደግሞ የልጁን የግል ሕይወት ያለ አግባብ ከሚደረግ ጣልቃ ገብነት ይጠብቃል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26ም የማንኛውም ሰው ደብዳቤና የስልክ ግንኙነት እንዳይደፈር ይከላከላል።

ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፦ ከቅንብሩ ሁሉ በፊት ለልጃችሁ አንድ ቃል ስጡት። «ምንም ነገር ቢደርስብህ፣ ጥፋቱ ያንተም ቢሆን፣ መጥተህ ንገረኝ፤ ስለነገርከኝ ኮምፒውተሩን አልነጥቅህም» በሉት። ነግሯችሁ የመጣ ዕለትም ቃላችሁን ጠብቁ፤ ሁለተኛ የሚመጣው ያን ካየ ብቻ ነው።